ዠጂያንግ ወይስ ጂያንግሱ? ለነጋዴ፣ ለተማሪና ለጎብኚ የሚበጀው የቱ ነው?

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፍሮ ሻንጋይ የሚያርፍ መንገደኛ ከከተማዋ ሲወጣ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢያቀና ዠጂያንግ ይገባል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢያቀና ጂያንግሱ። ሁለቱም የምሥራቅ ቻይና የባሕር ዳርቻ ግዛቶች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት ከ100 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለቱም በሐር፣ በሻይና በውኃ ቦይ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም ከቻይና ሀብታም ግዛቶች ይመደባሉ። ካርታ ላይ መንታ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው «የትም ብሄድ ያው ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ባቡር ይሳፈራል።

ያው አይደለም። ለአንዲት የመርካቶ ሱቅ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ጂያንግሱ ገብቶ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢንከራተት ጊዜውንም ገንዘቡንም ይጨርሳል። የውኃ ማሸጊያ ማሽን ፈላጊም በዠጂያንግ የትናንሽ ዕቃዎች ገበያ ውስጥ ቢዞር ባዶ እጁን ይመለሳል። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ከመሬታቸው መነሳት ይበጃል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛልና። (ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ተራራ ያሳደገው፣ ሜዳ ያሳደገው

ቻይናውያን ዠጂያንግን ሲገልጹ «ሰባት እጅ ተራራ፣ አንድ እጅ ውኃ፣ ሁለት እጅ እርሻ» ይላሉ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 64.6 ሚሊዮን ሰው ተቆጥሮባታል፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚመግብ ሰፊ ማሳ ግን የላትም። ስለዚህ ገበሬው ነጋዴ ሆነ። የዪው መንደርተኞች በትከሻቸው ስኳር ተሸክመው ከቤት ቤት እየዞሩ በዶሮ ላባ ይለውጡ ነበር፤ ላባው ለማዳበሪያና ለአቧራ ማራገፊያ ይውላል። ዛሬ የዓለም ትልቁ የትናንሽ ዕቃዎች ገበያ የሚባለው የዪው ገበያ ከዚህ ልማድ የበቀለ ነው። በደቡብ ጫፍ ያለችው ዌንዡ ደግሞ በተራራና በባሕር መካከል የታጠረች ናት፤ መንግሥትም ትልልቅ ፋብሪካ አልሠራላትም ነበር። ሰዎቿ ቁልፍና ጫማ በየቤታቸው እየሠሩ መሸጥ ያዙ። በ1980 መጨረሻ ዣንግ ኋሜይ የተባለች የዌንዡ ወጣት ከተሐድሶው ወዲህ የመጀመሪያውን የግል ንግድ ፈቃድ የተቀበለች ቻይናዊት ሆነች።

ጂያንግሱ የዚህ ተቃራኒ ናት። ከቻይና ግዛቶች ሁሉ የእርሷን ያህል ሜዳ የለም፤ ከፍተኛው ተራራዋ 624 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው አገሩ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታየዋል። ያንግዜ ወንዝ መሐሏን አቋርጦ ባሕር ይገባል፤ ታላቁ ቦይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሰነጥቃታል፤ ታይና ሆንግዜ የተባሉት ሐይቆች ዓሣዋንና ውኃዋን ይሰጧታል። ሩዝ፣ ስንዴና ሐር የጠገበች ምድር ስለሆነች ለዘመናት ግብር ከፋይና የምሁራን መፍለቂያ ነበረች። ሜዳና ጥልቅ ወንዝ ደግሞ ለትልቅ ፋብሪካ የተመቸ ነው። በ1994 ከሲንጋፖር ጋር በሽርክና የተጀመረው የሱዡ የኢንዱስትሪ ፓርክ የዓለም ኩባንያዎችን ሳበ፤ በአቅራቢያው ያለችው ኩንሻን በታይዋን ባለሀብቶች ገንዘብ የላፕቶፕ ኮምፒውተር መገጣጠሚያ ሆነች።

ቁጥሩን እንየው። በ2024 የጂያንግሱ ጠቅላላ ምርት ወደ 13.7 ትሪሊዮን ዩዋን ደርሷል፤ ከጓንግዶንግ ቀጥሎ በቻይና ሁለተኛ ነው። ዠጂያንግ በ9 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ አራተኛ ናት። ቤተሰብ እጅ የሚገባውን ገንዘብ ብናይ ግን ደረጃው ይገለበጣል፤ በዚያው ዓመት የአንድ ነዋሪ አማካይ ገቢ በዠጂያንግ ወደ 67 ሺህ ዩዋን፣ በጂያንግሱ ወደ 55 ሺህ ዩዋን ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በዠጂያንግ ሱቁም ወርክሾፑም የራሱ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ይህን ልብ ማለት ለገዢ ይጠቅማል። ዠጂያንግ ውስጥ ዋጋ የሚነግርዎት ሰው በአብዛኛው ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ይወስናል። ጂያንግሱ ውስጥ የሽያጭ ክፍል ሠራተኛ ያነጋግርዎታል፤ መልሱም ከስብሰባ በኋላ ይመጣል።

ዕቃ ሊገዙ ከሆነ

ከጥቂት ሺህ እስከ ጥቂት አሥር ሺህ ዶላር ይዞ ብዙ ዓይነት ዕቃ ማስመጣት ለሚፈልግ ሰው ያለ ማመንታት ዠጂያንግን እመርጥለታለሁ፤ ከዠጂያንግም ዪውን።

የዪው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሱቆች አሉት። በቁጥር በተለዩ ቀጣናዎች የተከፈለ ስለሆነ የሚፈልጉትን አስቀድመው ካወቁ መንከራተት የለም። በአንደኛው መጫወቻ፣ ሰው ሠራሽ አበባና ጌጣጌጥ፤ በሁለተኛው ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ የእጅ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ፤ በሦስተኛው የጽሕፈት መሣሪያ፣ መዋቢያና ዚፕ፤ በአራተኛው ካልሲ፣ ጫማ፣ ኮፍያና ፎጣ ይገኛል። አምስተኛው የአልጋ ልብስና ከውጭ የገባ ዕቃ ይዟል።

ሱቅ ሲባል ግን መርካቶ እንዳለው መጋዘን ያለው ሱቅ እንዳይመስልዎት። አብዛኛው ጥቂት ካሬ ሜትር የሆነች ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ከወለል እስከ ጣሪያ በናሙና ተሸፍኗል፤ ሻጯ ካልኩሌተር ይዛ ትቀመጣለች። ወደ አንድ የልጆች ውኃ መያዣ ሲያመለክቱ ሦስት ቁጥር ትጽፍልዎታለች፦ የአንዱን ዋጋ፣ በአንድ ካርቶን ስንት እንደሚገባና የካርቶኑን መጠን በኪዩቢክ ሜትር። አዲስ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያዩና ይደሰታሉ። ኪሳራው ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ባለ 40 ጫማው ረጅም ኮንቴይነር በተግባር የሚይዘው ወደ 68 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ የኮንቴይነሩን ጠቅላላ የማጓጓዣ ወጪ ለ68 ያካፍሉት፣ በካርቶኑ መጠን ያባዙት፣ በውስጡ ላለው ፍሬ ያካፍሉት። ቀላልና ትልቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ከገዙበት ዋጋ በላይ የመርከብ ኪራይ ሊበላ እንደሚችል ያን ጊዜ ይታይዎታል። ይህን ሒሳብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሥሩት፤ ሆቴል እስኪገቡ አይጠብቁ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ዝቅተኛው የትዕዛዝ መጠን ነው። የዪው ትልቁ በረከት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሻጮች ጥቂት ካርቶን ይሸጣሉ፤ ከብዙ ሱቅ የተገዛው ዕቃ በአንድ መጋዘን ተሰብስቦ በአንድ ኮንቴይነር ይጫናል። ከተማው ለዚህ ዓይነቱ የተደባለቀ ጭነት የተለየ የጉምሩክ አሠራር አለው። ሰብሳቢው ወኪል ኮሚሽን ይወስዳል። ወኪል ሲመርጡ በኮሚሽኑ ማነስ አይታለሉ፤ ዝቅተኛ ኮሚሽን የሚጠይቅዎት ሰው ልዩነቱን ከሻጩ ሊቀበል ይችላል። ዋጋውን እርስዎ ራስዎ ከሻጩ አፍ ይስሙ፤ የሱቁን ቁጥርና የዕቃውን ፎቶ ይያዙ፤ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ካርቶን እያስከፈተ የሚያይልዎ ሰው ይኑርዎ። የተለመደው አከፋፈል 30 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው ከመጫኑ በፊት ነው። ስለዚህ ምርመራው ቀሪው ክፍያ ከመተላለፉ በፊት ካልተደረገ ትርጉም የለውም።

ዠጂያንግ ከዪው ውጭም ለገዢ ብዙ አላት። ጨርቅ በጥቅል ለሚፈልግ የሻኦሺንጉ ኬቺያኦ የእስያ ትልቁ የጨርቅ ገበያ ነው። ካልሲ ብቻ ለሚያስመጣ ከዪው ብዙም ሳይርቅ ዡጂ ውስጥ ያለችው ዳታንግ የፋብሪካዎቹ መንደር ናት፤ ትዕዛዙ ትልቅ ከሆነ በቀጥታ እዚያ ቢሄድ ይረክሳል። መጋዝ፣ መሰርሰሪያና የብረት ዕቃ ዮንግካንግ፤ ጫማና አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ዌንዡ አካባቢ። ጭነቱ የሚወጣው በአብዛኛው በኒንግቦ-ዡሻን ወደብ ነው፤ በሚያስተናግደው ቶን ከዓለም ወደቦች ሁሉ የሚበልጥ ወደብ ነው። ከዚያ ወደ ጂቡቲ።

ጂያንግሱስ? እዚህ ፍርዴ ይለወጣል። ማሽን ሊገዙ ከሆነ፣ የፀሐይ ኃይል ፓኔል በብዛት ሊያስመጡ ከሆነ፣ ወይም ፋብሪካ ሊተክሉ ከሆነ ዪውን ይርሱት። ዣንግጂያጋንግ ከሱዡ ሥር ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ የውኃና የለስላሳ መሙያ መስመሮችን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ መንፊያና የፕላስቲክ መልሶ መጠቀሚያ ማሽኖችን የሚሠሩ ኩባንያዎች እዚያ ተሰብስበዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህች ከተማ ሌላም ትርጉም አላት፤ ዱከም ያለውን የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ያቋቋሙት ከዚያ የመጡ የጂያንግሱ ባለሀብቶች ናቸው። በሰሜን ያለችው ሹዡ የኤክስ ሲ ኤም ጂ መቀመጫ ናት፤ ክሬንና ሮለር የሚያውቅ ተቋራጭ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ቻንግዡ በፀሐይ ፓኔል፣ ዳንያንግ በመነጽር፣ ናንቶንግ በአልጋ ልብስ ይታወቃሉ።

የጂያንግሱ ግዢ ጊዜ ይጠይቃል። ማሽን አይተው የሚመለሱበት አይደለም። የሚሞላው ጠርሙስ ስንት እንደሆነ፣ የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ፣ የመለዋወጫው ዝርዝር፣ የሚተክለው ባለሙያ ወጪ በማን እንደሚሸፈን በውሉ ላይ መስፈር አለበት። ማሽኑ ከመጫኑ በፊት በራስዎ የጠርሙስ ናሙና ፋብሪካው ውስጥ ሲሠራ ይዩት። ፋብሪካው ይህን ከከለከለ ሌላ ፋብሪካ ይፈልጉ፤ ዣንግጂያጋንግ ውስጥ አማራጭ አይጠፋም። የባንክ ኤል ሲ የለመዱ ሻጮችን ማግኘትም ከዪው ይልቅ እዚህ ይቀላል፤ ለሻጩ በቀጥታ የባንክ ዝውውር ለማይፈቀድለት አስመጪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለትምህርት

እዚህ አጭር ልሁን። ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ በ1897 የተመሠረተና በቻይና ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስና ምሕንድስና ለሚያጠና ሃንግዡ የሚመርጣት ከተማ ናት። አሊባባ በ1999 የተመሠረተው እዚያው ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓለምን ያነጋገረው ዲፕሲክም የሃንግዡ ኩባንያ ነው። ጂንኋ ያለው የዠጂያንግ መምህራን ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ የአፍሪካ ጥናት ተቋም አለው፤ ስለ ቻይናና አፍሪካ ግንኙነት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በብዛትና በልዩ ሙያ ግን ናንጂንግ ትበልጣለች። ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ለእኛ አገር ችግር በቀጥታ የሚጠቅሙት ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ሆሃይ ዩኒቨርሲቲ ከ1915 ጀምሮ ውኃ ሀብትና ግድብ ያስተምራል። የናንጂንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ አለ። ለሜትሮሎጂ የሚሆን የራሱ ዩኒቨርሲቲም አለ። የመስኖ መሐንዲስ ወይም የአየር ትንበያ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ልጅ ካለዎት ናንጂንግን ይጠቁሙት። ከቻይና ማዕከላዊ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል በተጨማሪ ሁለቱም ግዛቶች የየራሳቸው አላቸው።

ለመጎብኘት

ሃንግዡ ከ1138 እስከ 1276 የደቡብ ሶንግ ሥርወ መንግሥት መዲና ነበረች። የምዕራብ ሐይቅዋ በ2011 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ ሐይቁ ሦስት ጎኑ ኮረብታ፣ አንዱ ጎን ከተማ ነው። በቡድን አውቶቡስ ደርሰው ፎቶ አንስተው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሐይቁ የሚታየው በእግር ነው፤ ገና ሳይነጋ፣ ሽማግሌዎች በግድቡ መንገድ ላይ ሲለማመዱ። ከሐይቁ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች የሎንግጂንግ ሻይ ይበቅላል። በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ከቺንግሚንግ በዓል በፊት የተለቀመው ቅጠል ከሁሉ ውድ ነው። ቆይዬው በጋለ የብረት ምጣድ ላይ ቅጠሉን በባዶ መዳፉ እየጫነ፣ እያዞረ፣ እየበተነ ያበስለዋል፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚወጣው ከዚያ መጫን ነው። ጀበና ሥር ቁጭ ብሎ ቡና ሲቆላ ያየ ሰው ጠረኑ ሲለወጥ ቆይዬው እጁን ፈጠን የሚያደርግበትን ቅጽበት ይለየዋል።

ከሃንግዡ ባሻገር የቺያንታንግ ወንዝ ማዕበል አለ። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ18ኛው ቀን፣ ማለትም በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር፣ የባሕር ውኃ ግድግዳ ሠርቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ ከሃይኒንግ ዳርቻ ይታያል። ቺያንዳኦ ሐይቅ በ1959 በግድብ የተፈጠረ ሲሆን ጥንታዊ ከተማ ውኃው ሥር ተኝታለች። ፑቱኦ ደሴት ከአራቱ የቡዲስት ቅዱሳን ተራሮች አንዱ ነው። ዉዠን በቦይ ላይ የተሠራች ውብ ከተማ ናት፤ በቀን ሕዝብ ስለሚያጥለቀልቃት ማደር ካልቻሉ ባይሄዱ እመክራለሁ።

ጂያንግሱ ውስጥ ሱዡ በአትክልት ቦታዎቿ ትታወቃለች፤ ዘጠኙ በ1997 እና በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ስፋት የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ድንጋይ፣ ኩሬ፣ ግድግዳና መስኮት ናቸው፤ ጥበቡ እያንዳንዱ መስኮት የተለየ ሥዕል እንዲያሳይ መደረጉ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ማየት ለማይወድ ሰው ሱዡን አልመክርም።

ናንጂንግ ግን ከሚገባት ያነሰ ጎብኚ የሚሄድባት ከተማ ናት እላለሁ። የሚንግ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያ መዲና ነበረች፤ ከጥንቱ 35 ኪሎ ሜትር የከተማ ግንብ ወደ 25ቱ ዛሬም ቆሟል። በዦንግኋ በር በኩል ሲገቡ ወደ ጡቦቹ ጠጋ ይበሉ። በብዙዎቹ ላይ ጡቡ የተሠራበት ቦታ፣ የተቆጣጣሪው ሹምና የሠሪው ስም ተቀርጿል፤ ጡቡ ቢሰበር ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም ስማቸው ይነበባል። በዲሴምበር 1937 የጃፓን ጦር በከተማዋ ነዋሪ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው መታሰቢያም እዚያ ነው። የዚያው ዓመት ፌብሯሪ፣ በእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የፋሽስት ጣሊያንን እልቂት አይታለች። ኢትዮጵያዊ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ አይሆንም፤ ግማሽ ቀን ይስጡት።

ለተፈጥሮና ለእረፍት ዠጂያንግ፤ ለታሪክ ጂያንግሱ፤ ሁለቱንም ለሚያይ ሃንግዡና ናንጂንግ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው የሚራራቁት።

ምግብ፣ ጸሎት፣ ቪዛ፣ ገንዘብ

ጾም ለሚጾሙ የቡዲስት ገዳማት አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች መፍትሔ ናቸው፤ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም የሌለበት ምግብ ያቀርባሉ። ሃንግዡ ውስጥ ከሊንጊን ገዳም አጠገብ ይፈልጉ። ሙስሊም ነጋዴዎች ዪው ላይ ብዙ አይቸገሩም፤ ትልቅ መስጊድ አለ፤ የየመን፣ የቱርክና የሌሎች አገሮች ሐላል ምግብ ቤቶችም ሞልተዋል። ናንጂንግም የራሷ ጥንታዊ የሁዪ ሙስሊም ማኅበረሰብ አላት። የሁለቱም ግዛት ምግብ ጣፋጭና ለዘብ ያለ ነው፤ በርበሬ የሚናፍቅ ሰው ከአገሩ ሚጥሚጣ ይያዝ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ግዴታ ነው፤ ለንግድ ከሆነ ከቻይና በኩል የጥሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፉ ከሆነ ለ240 ሰዓት ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ፤ ሻንጋይ፣ ዠጂያንግና ጂያንግሱ በዚህ ውስጥ ናቸው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ። አሊፔይን ከአገርዎ ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ጭነው የባንክ ካርድዎን ያያይዙ። የጉግል ካርታ እዚያ ስለማይሠራ የሆቴልዎን አድራሻ በቻይንኛ ጽፈው ይያዙ።

መቼ ይሂዱ? ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ፣ ወይም ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር። ጁን አጋማሽ ላይ የሚጀምረው የፕለም ዝናብ ሳምንታት ይቆያል፤ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ በተለይ የዠጂያንግን ዳርቻ አውሎ ነፋስ ይመታዋል። ነጋዴ ከሆኑ በቻይና አዲስ ዓመት ዙሪያ፣ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሯሪ፣ አይሂዱ፤ ገበያው ይዘጋል፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አገሩ ይገባል፣ ከበዓሉ በፊት በጥድፊያ የተሠራ ዕቃም ጉድለቱ ይበዛል። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ለጎብኚ የባሰ ነው። ከዚያ ሳምንት ማምለጥ ካልቻሉ የባቡር ትኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ይቁረጡ፤ ሲሳፈሩም ትኬቱን የገዙበትን ፓስፖርት ይያዙ።